የሚሸጠውን ቤት ፊቱን ድንጋይ ላልብሰው?

ጥያቄው፦ «ቤቴን በሁለት ወር ውስጥ ለሽያጭ ላቀርብ ነው። ከተሠራ 16 ዓመት ሆኖታል፤ ፎቅ የለውም። ውስጡ ደህና ነው። ውጪው ግን ከታች በኩል ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ያወጣል። ሁለት ጊዜ አስቀባሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ተላጠ። የግቢው የላሜራ በር ዝጓል። ደላላው ‹ፊት ለፊቱን ድንጋይ አልብሰው፣ ያወጣኸውን እጥፍ ይመልስልሃል› ይለኛል። ባለቤቴ ቀለም ይበቃዋል ባይ ናት። የማንን ልስማ?»

ለአሁኑ የማንንም። ድንጋዩ ይቅር፣ ቀለሙ ይቆይ። ምክንያቱ በጥያቄዎ መሃል እንደ ዋዛ የጠቀሱት ነጭ ዱቄት ነው።

ያ ዱቄት ጨው ነው። በብሎኬቱም፣ በሲሚንቶውም፣ በአሸዋውም፣ ቤቱ በቆመበት አፈርም ውስጥ የሚሟሟ ጨው አለ። ግድግዳው ውሃ ሲጠጣ ጨዉ ይሟሟል። ደረቅ ቀን ሲመጣ ውሃው በግድግዳው ገጽ በኩል ይተናል። ጨው ግን አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ከቀለሙ ሥር ሲከማች ይጠጥራል፣ ቦታ ይጠበዋል፣ ቀለሙን ከልስኑ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተላጠብዎት ቀለሙ መናኛ ስለሆነ አይደለም። ሦስተኛ ጊዜ የመጨረሻውን ውድ ቀለም ቢገዙም ያው ነው። ቀለም ቀቢውን ተቀይመውት ከሆነ በግማሽ ይቅር ይበሉት። ግማሹ ግን ይገባዋል፤ ጨው እያየ ዝም ብሎ መቀባት አልነበረበትም።

ድንጋዩ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ማጣበቂያ የሚይዘው ጤነኛ ልስን ሲያገኝ ነው። በሚላጥ ቀለም ላይ የተለጠፈ ድንጋይ አንድ ቀን ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። ቢይዝ እንኳ ግድግዳው የሚተነፍስበት መንገድ ይዘጋበታል። ያኔ እርጥበቱ ወይ ከድንጋዩ በላይ ወጥቶ ይታያል፣ ወይ ወደ ሳሎን ይዞራል። «ውስጡ ደህና ነው» ብለዋል። ደህና እንደሆነ ይቆይ።

«እጥፍ ይመልሳል» የሚለውንም እንየው። አሜሪካ ውስጥ የቤቶችን የመንገድ ፎቶ በኮምፒውተር መርምሮ ከተሸጡበት ዋጋ ጋር ያነጻጸረ አንድ ጥናት በ2020 ታትሟል። የውጪ ገጽታ ከሽያጩ ዋጋ እስከ 7 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል አግኝቷል። ልብ ይበሉ፣ «እስከ» ነው የሚለው። እሱም የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤት ቤት ገጽታም ተደምሮ ነው። የጎረቤትዎን አጥር መቀባት አይችሉ መቼም። ከጥናቱ የሚጠቅምዎት ሌላ ነገር አለ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ገጽታ የበለጠ ዋጋ ያገኛል። ገዢ ሲመርጥ ማለት ነው። እንግዲህ ልፋቱ ከንቱ አይደለም። ግን ብዙ ገንዘብ አፍስሰው እጥፉን የሚያፍሱበት ነገርም አይደለም። ድንጋይ ደግሞ የግል ምርጫ ነው። እርስዎ የወደዱትን ገዢው ገና ከበር «ይህን አስነሣዋለሁ» ሊል ይችላል።

በዚህ ሥራ ጀማሪ ሳለሁ የሆነውን ልንገርዎ። ለሽያጭ የቀረበ ቤት ነበር፣ ከታች እንደ እርስዎ የሚላጥ። ፋቅነው፣ ስቱኮ ገጠገጥንበት፣ «ውሃ እንዳያስገባ» ብለን የዘይት ቀለም ደራረብንበት። መስታወት መሰለ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ገዢ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ግድግዳው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል እብጠት አየ። በአውራ ጣቱ ጫን አላት። ፈነዳች፤ ጣቱ ረጠበ። ምንም አላለም። መሐረብ አውጥቶ ጣቱን ጠረገና ሄደ። ዋጋ እንኳ አልተደራደረም።

እሱ ያየው እብጠቷን ብቻ አልነበረም። «ይህን ከደበቁኝ ሌላ ምን ደብቀዋል?» ነው ያለው። ገዢ የጣሪያዎን እንጨት አያየውም፤ የመሬት ውስጥ ቧንቧውንም አያየውም። ስለማያየው የሚፈርደው ከሚያየው ተነሥቶ ነው። በር ላይ ቆሞ እስኪከፈትለት ሲጠብቅ ዓይኑ ሥራ አይፈታም። ዝገቱን ያያል፣ የተንጋደደውን አሸንዳ ያያል፣ የግድግዳውን ግርጌ ያያል። ስለዚህ ከሚያሳምረው በፊት የሚያጠራጥረውን ያንሡ።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። ዝናብ ሲዘንብ ጥላ ይዘው ይውጡና ቤትዎን አንዴ ይዙሩት። ዝናብ ከሌለ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ በጎማ ውሃ ይልቀቅልዎት። አሸንዳው ሞልቶ ይፈስሳል? መገጣጠሚያው ያንጠባጥባል? የሚወርደው ቱቦ ውሃውን ግድግዳው ሥር ይደፋዋል? እኔ ካየኋቸው የግርጌ መላጦች ብዙዎቹ መነሻቸው እዚህ ነበር። ቅጠል መጥረግ፣ መገጣጠሚያ ማሸግ፣ ቱቦውን ማራዘም። ግማሽ ቀን ነው።

ቀጥሎ መሬቱን ይዩ። የአበባ መደብ እየተሠራ፣ አፈር እየተሞላ፣ ከዓመት ዓመት የግቢው መሬት ከፍ ይላል። አንድ ቀን ከቤቱ ወለል ጋር ይስተካከላል። አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መሬቱም ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ ይውረድ፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢወርድ ጥሩ ነው። የእርስዎ ግቢ ወደ ቤቱ የሚያዘነብል ከሆነ መልስዎን አገኙ ማለት ነው። አካፋ ይበቃዋል።

የእርጥበቱ ከፍታና ቅርጽም ይናገራል። መላጡ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቆመ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት እየመታ የሚረጨው ሳይሆን አይቀርም። በግድግዳው ዙሪያ ጠጠር ማልበስ ርጭቱን ይቀንሰዋል። እስከ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ገመድ የተዘረጋበት ይመስል በአንድ መስመር ከሄደ፣ ግድግዳው ከሥር ከመሬት እየጠጣ ነው። ይህኛው ከባዱ ነው፤ እመለስበታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነና በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ቧንቧ ይጠርጥሩ። ሁሉንም ቧንቧ ይዝጉና ቆጣሪውን ይመልከቱ። ማንም ሳይጠቀም የሚዞር ቆጣሪ ካለ የሚያንጠባጥብ መስመር አለ።

ውሃው ሲቆም ግድግዳው በማግስቱ አይደርቅም። ይህን ማንም አይነግርዎትም፤ ቀለም ሻጩ በተለይ። ብዙ ባለሙያ የሚከተለው ግምት ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የግድግዳ ውፍረት አንድ ወር ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ስምንት ወር ሊፈልግ ነው። እርስዎ ያለዎት ሁለት ነው። ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ደረቀ» የሚባል ግድግዳ ይዘው ገበያ አይወጡም። የሚችሉት ውሃውን ዛሬ ማቆም፣ ገጹ እንዲተነፍስ ማድረግና ቀለሙን ለመጨረሻ ማቆየት ነው።

እንዲተነፍስ ለማድረግ የላላውን ቀለም በሙሉ ይፋቁ። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ አፍሰው ከግቢ ያውጡት። በውሃ አይጠቡት፤ ጨዉ ሟምቶ ተመልሶ ይገባል። የግፊት ማጠቢያ ማሽን ደግሞ ለዚህ ግድግዳ ጭራሽ አይታሰብ፤ ውሃውን በስንጥቅ በኩል ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ልስኑን በእጅዎ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል፤ ይፍረስና እንደገና ይለሰን። አዲስ ልስን ግን 28 ቀን ያህል ሳይቆይ ቀለም አይቀባም። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል፤ የዘይት ቀለምን በተለይ ወደ ሳሙናነት ይቀይረዋል። ልስኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ካልተሠራ የሁለት ወሩ ዕቅድ ይበላሻል ማለት ነው።

ግድግዳው እስኪደርቅ በሩን ይያዙ። ከሁሉም ወጪዎ ዋጋውን የሚያወጣው ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገዢው በእጁ የሚነካው የመጀመሪያው ነገር ነውና። ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ያው ጨው ላይ እንደመቀባት ነው፤ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ፣ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ይወልወል፣ ቅባቱ በቲነር ይጠረግ። የተራቆተ ብረት ሳያድር አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት የሚከላከል ቅብ፣ ይቀባ። ካደረ እንደገና መዛግ ይጀምራል። ከዚያ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። የላሜራው ግርጌ በዝገት ተበልቶ ከተበሳ ስቱኮ አይጠቀሙ። ተቆርጦ ይበየድ። በእግር ጫፍ ሲነኩት የሚጎድጎድ ስቱኮ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ደስ አይልም።

ማጠፊያውን ዘይት ያጠጡት። መቀርቀሪያው በአንድ እጅ፣ ያለ ትከሻ ግፊት ይከፈት። የቤት ቁጥሩ ይነበብ፣ ደወሉ ይሥራ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ገዢ በር ላይ ቆሞ እርስዎ ከውስጥ መቀርቀሪያ ጋር ሲታገሉ የሚሰማው ድምፅ ግን ከደላላው ማብራሪያ በላይ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በሩ ወይም መስኮቱ አሮጌ ቀለም ከተደራረበበት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ እስካሁን ያልከለከሉ አገሮች አሉ። በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው። እያረጠቡ ይፈግፍጉ፣ ጭንብል ያድርጉ፣ መሬቱ ላይ ፕላስቲክ ያንጥፉ። ልጆች በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ይዋሉ።

ስንጥቅም ይኖራል፤ 16 ዓመት የኖረ ቤት አይደለም እንዴ። ከአንድ ሚሊ ሜትር የቀጠነ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጠግነው ይቀቡት። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ከሆነ ግን አይድፈኑት። መሐንዲስ ያሳዩ። ሁለት ሚሊ ሜትር ከሆነና ካሳሰበዎት ጫፉ ላይ በመጻፊያ እርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ሁለት ወር ውስጥ ምልክቱን ካለፈ እየሄደ ነው።

አሁን ቀለሙ። የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ይበቁታል። ከመቀባትዎ በፊት የቀረውን አሮጌ ቀለም በመዳፍዎ ያሹት። እጅዎ ነጭ ከሆነ ገጹ ዱቄት ሆኗል፤ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው ማያያዣ ቅብ፣ ሳይቀድም አዲሱ አይይዝም። ከዚያ በማጣበቂያ ፕላስተር ይፈትኑት፤ ጫን አድርገው ለጥፈው በአንዴ ይንቀሉት። ቀለም ይዞ ከመጣ ገና መፋቅ አለ።

የቀለሙ ዓይነት ከመልኩ ይበልጣል። ለግርጌው የዘይት ቀለምም ሆነ ጎማ የመሰለ «ውሃ አያስገባም» የሚባል ቅብ አይቀቡ። ውሃ የማያስገባ ነገር ውሃ አያስወጣምም። እንፋሎት የሚያሳልፍ የውጪ ቀለም ይጠይቁ። የሲሊኬት ወይም የኖራ ቀለም ይሆናል፤ ሲሊኬትና ኖራ ግን አሮጌው የፕላስቲክ ቀለም ከሥሩ ተፍቆ ካልተነሣ አይይዙም። ሁሉን መፋቅ ካልተቻለ በጣሳው ላይ እንፋሎት እንደሚያሳልፍ የተጻፈበት የሲሊኮን የውጪ ቀለም ይሻላል። መልኩን በተመለከተ ብዙ አልልም። ፈካ ያለ፣ ከጣሪያው ጋር የማይጣላ፣ ደማቅ ያልሆነ። ጥቁር ሰማያዊ የመሰለውን ፀሐይ ይበላዋል፤ ግድግዳውንም ያግለዋል። አንድ ካሬ ሜትር ቀብተው በጠዋትም በማታም ይዩት። በካታሎግ ላይ ያለችው ቁራጭ ታታልላለች።

መጠኑንም ራስዎ ያስሉ። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሸካራ ከሆነ ያነሰ። 12 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ፊት 36 ካሬ ሜትር ነው። በሁለት እጅ 72። ይህ አንድ ፊት ሰባት ሊትር ገደማ ይፈጃል። ለእሱ ብቻ ሃያ ሊትር ከጠየቁዎት ሒሳቡን ይጠይቋቸው። ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታው አይቀባ፤ ከላይ ቶሎ ደርቆ ሳይይዝ ይቀራል። ጥላውን እየተከተሉ ይቀቡ። ደግሞ አራቱንም ጎን። ገዢ ፊት ለፊቱን አይቶ ወደ ጓሮ ይዞራል፤ አዲስ ፊትና አሮጌ ጎን ያለው ቤት «ለመሸጥ የተቀባ» ብሎ ራሱን ያጋልጣል።

ግቢው ላይ ብዙ አይድከሙ። ይቁረጡ እንጂ አይትከሉ። ግድግዳውን የተደገፈ ተክል ሁሉ ይራቅ፤ በየማታው ግድግዳው ሥር ውሃ እያጠጡ እርጥበትን መውቀስ አይሆንም። የተሰባበረ ወንበር፣ የተረፈ ብሎኬት፣ የቀለም ጣሳ ይውጣ። በረንዳው ላይ ሁለት የአበባ ማሰሮ ይበቃል። መብራቱን ሞቅ ያለ ብርሃን በሚሰጥ፣ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን በተጻፈበት አምፖል ይቀይሩት፤ ከሥራ መልስ የሚመጣ ገዢ ብዙ ነው። ፎቶ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ከኋላዎ ሆና፣ መኪናው ከበር ተነሥቶ ይነሣ። ስልኩን ደረትዎ ላይ ያህል ይያዙት፤ ከፍ ሲያደርጉት ቤቱ ያጥራል።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ስለ መናገር ነው። እርጥበት እንደነበር ለገዢው ይንገሩት። በብዙ አገር ሻጭ ያወቀውን ጉድለት ደብቆ ከሸጠ ኋላ ሊጠየቅበት ይችላል። ለገበያውም ይጠቅምዎታል። አሸንዳው ሲጠገን፣ አፈሩ ሲነሣ፣ ልስኑ ሲፈርስ ፎቶ ያንሡ። ቀኑ ያለበትን ፎቶ በስልክዎ ያሳዩት። ጣቱን ግድግዳው ላይ የሚጫን ገዢ ለምን እንደሚጫን ያውቃል፤ ቀድመው ሲነግሩት ልቡ ያርፋል።

ግድግዳው ከመሬት እየጠጣ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። አሸንዳውን ጠግነው፣ አፈሩን ዝቅ አድርገው፣ ዝናብ በሌለበት ሦስት ሳምንት ቆይተው በዚያ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አዲስ ጨው ከወጣ ነገሩ ያ ነው። ከወለል ሥር መቀመጥ የነበረበት እርጥበት መከላከያ የለም ወይም ተበላሽቷል። ይህ በሁለት ወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ለመሸጥ ብለውም አይጀምሩት። ሁለት ባለሙያ ጠርተው ወጪውን በጽሑፍ ያስገምቱ። በሩን፣ ሦስቱን ጎንና ግቢውን ጨርሰው፣ ያን ግድግዳ ተፍቆ ሳይቀባ ይተዉት። ግምቱን ከሚጠይቁት ዋጋ ላይ ቀንሰው፣ ወረቀቱን ለገዢው ይስጡት።